ሽንት የሚመሰክረውና ዐይን የሚያየው
በአራዊት ማቆያ ግቢ ስለሚኖሩ ታማሪኖች የርቢ ሆርሞን ጥናት የቀረበ ትችት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የምርምር ዘዴ መመዘን ነው። ዘዴውም ሊጠፉ የተቃረቡ የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖች በአራዊት ማቆያ ግቢ ሲራቡ፥ የርቢ ሆርሞናቸውን ከሽንታቸውና ከዐይነ ምድራቸው እየለኩ መከታተል ነው። ስለዚህ ዘዴ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ምስጋና ብቻ ነው፤ ምስጋናውም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ዳሩ ግን ምስጋና ሲበዛ ወሰን ይረሳልና፥ ዘዴው የሚያስታውቀውን ከማያስታውቀው ለይቶ ማየት ይገባል። ለዚህ እንዲመቸኝ ሁለት የሚቀራረቡ የደቡብ አሜሪካ ትንንሽ ጦጣዎችን መርጫለሁ፤ በመጨረሻም ወደ አገራችን ጭላዳ እመለሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

1. ዘዴው ለምን አስፈለገ

ከዝንጀሮ ወገን አንዳንዶቹ የርቢ ጊዜያቸውን በገላቸው ላይ ያሳያሉ። እንስት ቺምፓንዚ የምትፀንስበት ጊዜ ሲቀርብ የኋላ ገላዋ ስለሚያብጥ፥ ጠባቂዋ ከሩቅ አይቶ ቀኑን ሊመዘግብ ይችላል። ታማሪን የሚባለው ትንሽ ጦጣ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። እብጠት የለም፤ የወር አበባም አይታይም። ስለዚህ ጠባቂው እንስቲቱ መፀነስዋን የሚያውቀው ሆድዋ ሲገፋ ወይም ስትወልድ ነው። ያልፀነሰችውን ደግሞ፥ መካን ትሁን፥ ጊዜዋ ያልደረሰ ይሁን፥ ወይም ወንዱን አልቀበልም ብላ ይሁን፥ በዐይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም።

ደም ቀድቶ መመርመር አይቻልምን? ይቻላል፤ ነገር ግን ክብደትዋ ግማሽ ኪሎ ያህል ለሆነች ጦጣ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ደም መቅዳት ጉዳት ነው። ከዚህም በላይ፥ ስትያዝና ስትወጋ የሚደርስባት ድንጋጤ ራሱ የሆርሞንዋን መጠን ይለውጣል። እንግዲህ መለኪያው የሚለካውን ነገር ያበላሸዋል ማለት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን እንስሳው ራሱ ወደሚጥለው ነገር፥ ወደ ሽንትና ወደ ዐይነ ምድር አዞሩ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ አሽሃይምና ጾንዴክ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በበርሊን ከተማ ያረገዘች ሴት ሽንት ለእንስት አይጦች ቢወጋ የአይጦቹን የዕንቍላል ማኅደር እንደሚቀሰቅስ አሳይተው ነበር። ሆኖም አይጥ እየገደሉ መመርመር አድካሚ ከመሆኑም በላይ መጠኑን በትክክል አይናገርም። ነገሩን የለወጡት በ1950ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ ይሠሩ የነበሩት ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን ናቸው። ዘዴያቸው ባጭሩ ይህ ነው። አንድን ሆርሞን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይዘጋጃል፤ የሚይዝበትም ቦታ የተወሰነ ነው። በጨረር ምልክት የተደረገበት የታወቀ መጠን ያለው ሆርሞንና ከእንስሳው የተገኘው ሆርሞን ባንድነት ሲጨመሩ ለዚያ ቦታ ይሽቀዳደማሉ። የእንስሳው ሆርሞን የበዛ እንደ ሆነ ምልክት የተደረገበት ቦታ ያጣል፤ ስለዚህ ተይዞ የቀረውን ምልክት በመቍጠር የእንስሳውን ሆርሞን መጠን ማወቅ ይቻላል። ያሎው ስለዚህ ሥራ በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች፤ በርሰን ግን ቀደም ብሎ በ1972 ስላረፈ ሽልማቱን ሳያይ ቀርቷል። ከ1971 ወዲህ ደግሞ በጨረር ፈንታ ቀለም የሚለውጥ ኤንዛይም መጠቀም ስለ ተጀመረ፥ ምርመራው ከታላላቅ ሆስፒታሎች ወጥቶ ወደ አራዊት ማቆያ ግቢዎች ሊደርስ ቻለ።

2. ዐይን ብቻውን ያዳነው

ወርቃማው የአንበሳ ታማሪን ስሙን ያገኘው አንበሳ ከሚያስመስለው ወርቅማ ጋሜው ነው። አገሩ በብራዚል የአትላንቲክ ጠረፍ፥ በሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ ያለው ቈላማ ደን ነው። ደኑ ለእርሻና ለከተማ ስለ ተመነጠረ፥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዱር የቀረው በጥቂት መቶዎች ብቻ ይገመት ነበር። ብራዚላዊው ሊቅ አዴልማር ኮይምብራ ፊሊዮ ለዚህ ጦጣ ጥብቅ ደን እንዲከለል ብዙ ደክሟል፤ የፖሶ ዳስ አንታስ ጥብቅ ደንም በ1974 ተከለለ። በአራዊት ማቆያ ግቢ የሚኖሩት ግን ከመቶ ያነሱ ነበሩ፤ እነርሱም ከመውለድ ይልቅ መሞት ያዘወትሩ ነበር።

በ1972 ይህን ጕዳይ የያዘችው በዋሽንግተን ብሔራዊ የአራዊት ግቢ ትሠራ የነበረችው ዴቭራ ክላይማን ናት። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ክላይማን ሥራዋን የጀመረችው በሆርሞን አለመሆኑ ነው። የጀመረችው ቁጭ ብሎ በማየት ነው። ታማሪኖች በመንጋ መቀመጥ እንደሌለባቸው፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከልጆቻቸው ጋራ እንደ ቤተሰብ መኖር እንዳለባቸው ተረዳች። ከዚህም የበለጠው ነገር፥ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋራ ቈይተው ቀጥለው የሚወለዱትን መንታ ታናናሾቻቸውን በጀርባቸው ካላዘሉ፥ እነርሱ በተራቸው ሲወልዱ ማሳደግ እንደማይችሉ ታወቀ። ከዚያ በፊት ግን ልጆቹ ገና ጡት እንደ ጣሉ ከወላጆቻቸው እየተለዩ ይወሰዱ ነበር። ወላድነት በደም ብቻ የሚወረስ ሳይሆን በትምህርትም የሚገኝ ነው ማለት ነው።

ይህ እርማት ከተደረገ በኋላ ቍጥራቸው በፍጥነት አደገ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በልዩ ልዩ አገሮች ግቢ የሚኖሩት 500 ያህል ደረሱ። ከ1984 ጀምሮም ጥቂቶቹ ወደ ብራዚል ደን ይመለሱ ጀመር። እዚህ ላይ የምንወስደው ፍርድ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ማዳን የሠራው መለኪያ አልነበረም፤ የታገሠ ዐይን ነበር።

3. ዐይን የተታለለበት

ይሁን እንጂ ዐይን የሚታለልበት ቦታ አለ፤ ሆርሞን የመለካትም ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው።

በታማሪን ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትወልደው እናቲቱ ብቻ ናት። ያደጉት ሴቶች ልጆች ታናናሾቻቸውን ይሸከማሉ፤ እነርሱ ግን አይወልዱም። ይህ በወርቃማውም ሆነ በዘመዱ በጥጥ ራስ ታማሪን ይታያል። ጥጥ ራሱ በሰሜን ምዕራብ ኮሎምቢያ የሚኖር፥ በራሱ ላይ የተባዘተ ጥጥ የሚመስል ነጭ ጠጕር ያለው ጦጣ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሕክምና ምርምር በብዙ ሺህ እየተያዘ ወደ ውጭ አገር ይላክ ስለ ነበር፥ ከደኑ መመንጠር ጋራ ተደርቦ ለከፍተኛ አደጋ አጋልጦታል። እንግዲህ ሁለቱን ቤተሰቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚመለከት ሰው ልዩነት አይታይም፤ ሁለቱም ዘንድ ልጂቱ ዝም ብላ ትኖራለች። አንድ ዐይነት ዝምታ አንድ ዐይነት ምክንያት አለው ብሎ መደምደም ቀላል ነው።

በ1987 የወጡ ሁለት ጥናቶች ይህን መደምደሚያ አፈረሱት። ቶኒ ዚግለርና ባልደረቦችዋ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የጥጥ ራሶችን ሽንት በጧት እየሰበሰቡ መረመሩ። ልጂቱ በወላጆችዋ ቤት እስካለች ድረስ የዕንቍላል ማኅደርዋ አይሠራም፤ ዕንቍላልም አይወጣም። ከቤተሰብዋ ተለይታ ከእንግዳ ወንድ ጋራ ስትኖር ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሆርሞንዋ ይነሣና ዕንቍላል ትጥላለች። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ የቤተሰብዋ ጠረን ወደ አዲሱ ቤትዋ እየተወሰደ ቢቀርብላት ይህ ለውጥ ይዘገያል። በ1990 የታተመው ደግሞ ከቤተሰብ መለየት ብቻውን እንደማይበቃና ወንዱ ራሱ የመቀስቀስ ድርሻ እንዳለው አስረዳ።

በዚያው በ1987 ፍሬንችና ስትሪብሊ የወርቃማውን ታማሪን ውጤት አወጡ። በዚህኛው ወገን ልጂቱ በእናትዋ ቤት ሳለች ኤስትሮጅንዋ እንደ እናትዋ በተራው ከፍና ዝቅ ይላል፤ እንዲያውም የቤተሰቡ ሴቶች ዑደት ባንድነት የመሄድ ጠባይ ይታይበታል። ማለትም ልጂቱ በገላዋ በኩል ለመፀነስ የተዘጋጀች ናት። የሚያግዳት ሆርሞን ሳይሆን ኑሮው ነው፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ወንድ አባትዋ ወይም ወንድምዋ ነው፥ እናትዋም ትቈጣጠራታለች።

ይህ ልዩነት የመጻሕፍት ልዩነት ብቻ እንዳይመስለን። በግቢ ውስጥ ወርቃማ እናት በሴት ልጅዋ ላይ ተነሥታ እስከ ሞት ድረስ ልትነክሳት እንደምትችል የታወቀ ነው። ልጂቱ እንደ ጥጥ ራስ ልጅ ገና ያልነቃች ናት ብሎ የሚያምን ጠባቂ ጠቡን እንደ ተራ ቍጣ አይቶ ያልፈው ይሆናል። በሽንቱ የተመሰከረውን ያወቀ ጠባቂ ግን በቤቱ ውስጥ ሁለት እመቤቶች መኖራቸውን ስለሚረዳ በጊዜ ይለያቸዋል። የቀሩት እንስሳት በጣት በሚቈጠሩበት ወገን የአንዲት ልጅ ሞት የአንድ የዘር ሐረግ መቋረጥ ሊሆን ይችላል።

4. ቍጥሩ የማይናገረው

እስካሁን የተባለው ዘዴውን የሚያስመሰግን ነው። አሁን ትችቴን ላቅርብ።

አንደኛ፥ ቍጥሩ ከወገን ወደ ወገን አይሸጋገርም። የእያንዳንዱ ወገን ጕበት ሆርሞኑን የሚያፈርስበትና የሚጥልበት መንገድ ይለያል፤ አንዱ በሽንት የሚጥለውን ሌላው ይበልጡን በዐይነ ምድር ይጥላል። የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ብዙ ሆርሞኖች በደማቸው ውስጥ ከሰው እጅግ የበለጠ መጠን አላቸው፤ ይህም የጤናቸው ሁኔታ ነው። እንግዲህ ለሰው የተዘጋጀውን መለኪያ ገዝቶ ያለ ማረጋገጫ ለጦጣ መጠቀም፥ በሌላ አገር ቍና የተሰፈረ እህል በራስ ቍና እንደ ተሰፈረ አድርጎ እንደ መቍጠር ነው። ማረጋገጫው ደግሞ ከባድ አይደለም። ወልዳ የምትታወቅ እንስት ከመፀነስዋ በፊት፥ በእርግዝናዋና ከወለደች በኋላ የሰጠችውን ሽንት ለክቶ መጠኑ ከታሪክዋ ጋራ መስማማቱን ማየት ነው።

ሁለተኛ፥ ሽንት ይወፍራል፥ ይቀጥናል። ውሃ የጠጣች ጦጣ ሽንት ስለሚቀጥን ሆርሞኑ ያነሰ ይመስላል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ከጡንቻ የሚወጣውን ክሬያቲኒን የተባለውን ነገር አብሮ ለክቶ ማነጻጸር ነው። ዐይነ ምድር ደግሞ የሚናገረው ስለ ዛሬ አይደለም፤ ምግቡ በአንጀት በቈየበት ልክ ስላለፈው ቀን ነው። ይህን የረሳ ሰው ትናንት የሆነውን ዛሬ ሆነ ብሎ ይጽፋል።

ሦስተኛ፥ የምግብ ጕዳይ አለ። በ2012 በዩጋንዳ የኪባሌ ደን ስለሚኖሩ ቀይ ጕሬዛዎች የታተመ ጥናት፥ ኤስትሮጅን የሚመስል ነገር ያለባቸውን ቅጠሎች በበዛ መጠን በበሉ ጊዜ የወንዶቹ ሆርሞንና ጠባይ አብሮ እንደሚለወጥ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ነገር በአኩሪ አተርም ውስጥ ይገኛል፤ አኩሪ አተርም ለግቢ ጦጣዎች በሚዘጋጀው ደረቅ መኖ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል። ስለዚህ ከግቢ የተገኘ ማንኛውም የሆርሞን ሰንጠረዥ እንስሳው ምን ይበላ እንደ ነበር ካልጻፈ ጐደሎ ነው እላለሁ።

አራተኛውና በኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ግቢው ራሱ መልሱን ይሠራዋል። በግቢ ያለችው ልጅ የምታገኘው ወንድ ጠባቂው የሰጣትን ነው። በብራዚል ደን የሚኖሩ ወርቃማ ታማሪኖች በተጠኑ ጊዜ ግን በአንዳንድ ቤተሰብ ሁለት ሴቶች እንደሚወልዱ ታወቀ፤ ይህም በተለይ እንግዳ ወንድ ሲገባ ይሆናል። የግቢው ቍጥር ልጂቱ መፀነስ እንደምትችል ተናግሯል፤ መቼ እንደምትፀንስ የተናገረው ግን ደኑ ነው። ከግቢ ጥቂት ቤተሰቦች የተገኘውን ውጤት «የዚህ ወገን ባሕርይ ይህ ነው» ብሎ መጻፍ እንግዲህ ችኰላ ነው።

በመጨረሻም፥ ዕንቍላል መጣል እናት መሆን አይደለም። የክላይማን ትምህርት የሚረሳው እዚህ ላይ ነው። ሆርሞንዋ በትክክለኛው ቀን የተነሣ፥ የፀነሰችና መንታ የወለደች እንስት፥ ታናናሾችዋን ያላዘለች ከሆነች ልጆችዋን ከመሬት ጥላ ልትሄድ ትችላለች። በሰንጠረዡ ላይ ይህ እንደ ድል ይቈጠራል፤ በጎጆው ውስጥ ግን ሁለት ሬሳ ነው።

ዛሬ ደግሞ ዘዴው ሌላ ፊት ይዟል። ወርቃማዎቹ በግቢ ከበዙ በኋላ ቦታ ስለ ጠበበ፥ ለብዙ እንስቶች እርግዝና የሚከላከል መድኃኒት ከቈዳቸው ሥር ይቀበር ጀመር። መድኃኒቱ መሥራቱንና ኀይሉ ማለቁን ለማወቅም ይኸው የሆርሞን ምርመራ ያገለግላል። ለማራባት የተጀመረው መለኪያ ለመግታትም የዋለ መሆኑ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ማን ይውለድ ማን ይታገድ የሚለውን የሚወስነው ቍጥሩ ሳይሆን ሰው መሆኑን ያስታውሰናል።

5. ወደ ጭላዳ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ሩቅ የሚመስል ከሆነ፥ ይኸው ዘዴ በስሜን ተራራ ምን እንዳሳየ ማየት ይበቃል። ጭላዳ ሊጠፉ ከተቃረቡት ወገን የሚቈጠር ባይሆንም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር አይገኝም፤ በአሜሪካና በአውሮፓም በጥቂት የአራዊት ግቢዎች ይኖራል። እንስቲቱ በደረትዋ ላይ ያለው ቀይ ቈዳ በርቢዋ ጊዜ ዳር ዳሩን ስለሚያጐርብጥ፥ እዚህ ዐይን ሁሉን ያያል ያሰኛል።

ነገር ግን በ2012 ኢላ ሮበርትስ፥ ጃሲንታ ቢነርና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ሌላ ነገር ገለጠ። የእንስቶቹን ዐይነ ምድር እየሰበሰቡ ኤስትሮጅኑን በመለካት እርግዝናቸውን ሲከታተሉ፥ አዲስ ወንድ የድሮውን አባርሮ ቤተሰቡን በያዘ ጊዜ ካረገዙት እንስቶች ከመቶ 80 ያህሉ በሚቀጥሉት ሳምንታት ውስጥ ፅንሳቸውን እንዳጡ አገኙ። ሂልዳ ብሩስ በ1959 በአይጦች ላይ ያየችው ነገር በዱር በሚኖር የዝንጀሮ ወገን እንዲህ ተገኘ። በገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ መንጋውን የሚያይ ሰው ይህን ኀዘን ሊያይ አይችልም ነበር፤ ገና ያልታየ ሆድ ሳይታይ ጠፍቷልና።

ከዚህ የማወጣው ምክር የጥናቱ ቃል ሳይሆን የራሴ ግምት ነው። የአራዊት ግቢዎች የዘር መቀራረብን ለማስቀረት ወንዶችን ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ያዛውራሉ። ጭላዳ በሚኖርበት ግቢ ወንድ ከመቀየሩ በፊት የእንስቶቹ ዐይነ ምድር ቢመረመርና ያረገዘች ካለች እስክትወልድና ልጅዋ እስኪጠና ቢቈይ፥ ብዙ ሕይወት የሚተርፍ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልዝጋ። የስሜኑ ዐይነ ምድር የተሰበሰበው በአገራችን ነው፤ ሆርሞኑ የተለካው ግን በአሜሪካ ላቦራቶሪ ነው። ይህ የማንም በደል አይደለም፤ መሣሪያው ያለው እዚያ ስለ ሆነ ነው። ሆኖም ቀርከሃ እየበላ የሚኖረው፥ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የባሌ ጦጣ ለአደጋ ከተጋለጡት ወገን ተመዝግቦ ይገኛል። አንድ ቀን ጥቂቶቹን በግቢ መጠበቅ ግድ ቢሆን፥ ያን ጊዜ መለኪያውን መማር መጀመር ዘግይቶ መነሣት ነው። የኤንዛይሙ ምርመራ የሚጠይቀው ማቀዝቀዣ፥ ጥቂት መድኃኒት፥ የቀለም ማንበቢያ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ነው፤ ይህም ለአንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ከዐቅም በላይ አይደለም።

ፍርዴን ባጭሩ ስናገር፥ በአገራችን ችሎት ነገር የሚጸናው ባንድ ሰው ቃል ሳይሆን በምስክሮች መስማማት ነው። የታማሪኖችም ነገር እንዲሁ ነው። ዐይን ብቻውን ሲመሰክር ሁለት የተለያዩ ዝምታዎችን አንድ አደረጋቸው፤ ሽንት ብቻውን ቢመሰክር ደግሞ ዕንቍላልን ከእናትነት ጋራ ያደባልቅ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም የሆርሞን ሰንጠረዥ ከጐኑ የዚያው ቀን የጠባይ መዝገብ ይኑረው፤ እንስሳው ከማን ጋራ ዋለ፥ ምን በላ፥ ከማን ተጣላ የሚለው ይጻፍ። ይህ ሳይኖረው የቀረበልንን ቍጥር፥ የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን፥ ገና ያልተሟላ ምስክርነት አድርገን እንቀበለው።